ኤሊየን፡ አይሶሌሽን በፒኤስ 4፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚጫወት ሰው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ ያገለገለ የፒኤስ 4 (የፕሌይስቴሽን 4) ሲዲ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ኳስ ነው፤ ሻጩም ከፊት የሚደረድረው እሱኑ ነው። ኤሊየን፡ አይሶሌሽን ከተገኘም የሚገኘው ከኋላ፣ ጠያቂ ካጡት ሲዲዎች ጋር ተደርቦ ነው። ቦታው እዚያ መሆን አልነበረበትም። በኤሊየን ፊልሞች ላይ ተመሥርተው ከአርባ ዓመት በላይ ከተሠሩት ጌሞች ሁሉ የመጀመሪያውን ፊልም ፍርሃት እንዳለ ወደ ተጫዋቹ እጅ ያመጣው ይህ ነው። ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ግን ለከተማችን የማይመች አንድ ጠባይ ይጠብቃችኋል፤ የደረሳችሁበትን በየደቂቃው ራሱ ሴቭ አያደርግም፣ ማለትም አይመዘግብም። መብራት እልም ካለ የአንድ ሰዓት ልፋታችሁም አብሮ እልም ይላል። ስለዚህ ጌሙ ለምን መገዛት እንዳለበትም፣ እዚህ እንዴት እንደሚያዝም እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ የወጣው በ1979 ነው። አንድ የጭነት መንኮራኩር፣ ሰባት ሠራተኞች፣ አንድ አውሬ። አውሬው ለረጅም ጊዜ በደንብ አይታይም፣ ሠራተኞቹም ወታደር አይደሉም። በ1986 የመጣው ሁለተኛው ፊልም ወታደሮችንና መትረየስን አስገባ። የጌም ሠሪዎች ዓይን እዚያው መትረየሱ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ የዚህ ሁሉ ዘመን ችግር በአጭሩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጌም በ1982 ለአታሪ 2600 የተሠራው ነበር። ፓክ ማንን የምታውቁ ሰዎች አያችሁት ማለት ነው። መተላለፊያው ላይ ነጠብጣብ በመብላት ፋንታ የአውሬ እንቁላል እየረገጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ በእሳት መትፊያ አውሬዎቹን ለአፍታ ታርቃላችሁ፣ በቃ። ስሙ ከፊልሙ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሌላ ጌም የመጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ እንግሊዝ አገር ለኮሞዶር 64ና ለዜድኤክስ ስፔክትረም የወጣው ግን ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። ተጫዋቹ የመንኮራኩሯን ካርታ እያየ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያዛል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የስሜት ሁኔታ አለው፤ በጣም የፈራ ሰው «እዚያ ክፍል ግባ» ሲባል እምቢ ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ሰው መስሎ የተቀመጠ ማሽን ነው፤ ማን እንደሆነ ደግሞ በየጨዋታው ይለዋወጣል። ሥዕሉ ጥቂት መስመርና ቀለም ብቻ ነው፤ ሆኖም ፍርሃትን እንደ ነዳጅ መቁጠር የጀመረው ይህ ጌም ነው። ሐሳቡን በቁም ነገር የሚያነሳ ሌላ ሠሪ እስኪመጣ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

በመሃል የመጡትን ቶሎ እንለፋቸው። በ1986 በሁለተኛው ፊልም ስም የወጣው የኮምፒውተር ጌም የየወታደሩን ካሜራ እያቀያየሩ የሚያዙበት ጥሩ ሐሳብ ነበረው። ኮናሚ በ1990 ያወጣው የአርኬድ (ሳንቲም እየከፈሉ የሚጫወቱበት) ማሽን የፊልሞቹን ባለታሪክ ሪፕሊን ባለ ወርቃማ ጸጉር አድርጎ ወደ ጎን እየተኮሰች የምትሄድ ጀግና አደረጋት። ሦስተኛው ፊልም ውስጥ ጠመንጃ የለም፤ የፊልሙ ጭንቀት በሙሉ የተሠራው በዚያ እጦት ላይ ነው። በ1992 ለሴጋ ሜጋ ድራይቭ የመጣው ጌም ግን መትረየስ፣ እሳት መትፊያና ቦምብ አስታጥቆ፣ ሰዓት እየቆጠረ እስረኞችን አድኑ አለ። ካፕኮም በ1994 ያወጣው ኤሊየንንና የሌላ ፊልም አውሬ የሆነውን ፕሬዴተርን ያጋጠመው የአርኬድ ጌም በቡጢና በመሣሪያ ተርታውን እያጸዱ የሚሄዱበት ነው። እንደ ድብድብ ጌም ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ነው፣ እንደ ኤሊየን ጌም ግን ምንም አያስፈራም።

ሁለቱን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሪቤልየን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1999 ለኮምፒውተር ያወጣው የኤሊየንና የፕሬዴተር ጌም መጀመሪያ ሲወጣ በአንድ ምዕራፍ መሃል ሴቭ ማድረግ አይፈቅድም ነበር፤ መጨረሻው ላይ ከሞታችሁ ምዕራፉን ከሀ ትጀምራላችሁ። ተጫዋቾች አጉረመረሙ፣ በኋላም በማሻሻያ የተወሰነ ሴቭ ተፈቀደ። ሴቭ ማድረግን ማክበድ ፍርሃትን እንደሚጨምር፣ ልክ ካጣ ደግሞ ሰውን ከጌሙ እንደሚያባርር ያን ጊዜ ታይቷል። ሁለተኛው በ2000 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የመጣው ኤሊየን ሪሰረክሽን ነው። በግራው ዱላ መራመድ፣ በቀኙ ዱላ መመልከት፤ ዛሬ ጆይስቲክ የያዘ ልጅ ሁሉ ሳያስብ የሚያደርገው ነገር በዚያ ጊዜ እንግዳ ስለነበር አንዳንድ ገምጋሚ «አያያዙ ራሱ ያስፈራል» ብሎ ነቅፎታል። ዛሬ ሲጫወቱት ጨለማውም ድምፁም ከዘመኑ የቀደመ እንደነበር ይታያል።

የ2013ቱን ኤሊየንስ፡ ኮሎኒያል ማሪንስን ታይዋን ላይ በርካሽ ብታገኙትም አትግዙት፤ ቢያንስ ለኮንሶል። ከመውጣቱ በፊት በኤግዚቢሽን የታየው ናሙናና የተሸጠው ጌም ስላልተመሳሰሉ አሜሪካ ውስጥ ክስ እስከ መመሥረት ደርሷል። አውሬዎቹ እንደ ጠፋበት ሰው ፊት ለፊት ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይተኮሳሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ የኮምፒውተር ተጫዋች የጌሙን የማስተካከያ ፋይል ሲመረምር ምክንያቱን በከፊል አገኘው፤ ወሬው በሰፊው የተሰማው በ2018 ነው። አውሬውን ከአካባቢው ጋር የሚያስተሳስረው ትእዛዝ ውስጥ «ቴዘር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ትርፍ «ኤ» ፊደል ገብታበት በስህተት ተጽፏል። ያቺ ፊደል ስትወጣ አውሬዎቹ ከጎን መዞርና ማድፈጥ ጀመሩ። ማረም የሚቻለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ፒኤስ 3 ላይ ፋይሉን ከፍቶ መንካት አይቻልም።

ኤሊየን፡ አይሶሌሽን የወጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2014። የሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ እስከዚያ ድረስ በሰፊው የሚታወቀው በታሪካዊ የጦርነት ስትራቴጂ ጌሞቹ ነበር፤ አሳታሚው ሴጋ ነው። የፊልሙ ባለቤት ከመዝገብ ቤቱ ሦስት ቴራ ባይት የሚደርስ ሥዕል፣ ፎቶና ድምፅ ሰጣቸው። እነሱም ሕግ አወጡ፦ በ1979 ሊሠራ የማይችል ዕቃ ጌሙ ውስጥ አይገባም። የኮምፒውተር ስክሪኖቹን ምስል በቪኤችኤስ ካሴት ቀድተው ምስሉ እንዲንቀጠቀጥ ማግኔት አስጠጉበት። ውጤቱ ስክሪኑ ፊት ስትቆሙ ይታያችኋል፤ አረንጓዴው ጽሑፍ ጠርዙ ላይ ይሸሻል፣ መስመሩ ይዘላል፤ የድሮ ካሴት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ታሪኩ በ2137 ነው፣ ከመጀመሪያው ፊልም 15 ዓመት በኋላ። የሪፕሊ ልጅ አማንዳ የጠፋችውን እናቷን ዱካ ፍለጋ ሴቫስቶፖል ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች። ጣቢያው ተፈረካክሷል፣ ሰው ሰውን ይፈራል፣ የሚያሳድዳችሁ አውሬም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አይገደልም፤ ሽጉጡ ምንም አያደርገውም፣ እሳቱም ለጊዜው ያባርረዋል እንጂ አይጥለውም።

ጌሙን ጌም ያደረገው የአውሬው አእምሮ ነው። ሠሪዎቹ ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ክፍል ከላይ ሆኖ ተጫዋቹ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ለአውሬው ግን የሚነግረው ሰፈሩን ብቻ ነው። «እዚያ አካባቢ ሂድ» ይለዋል እንጂ «ጠረጴዛው ስር ነው» አይለውም። ሁለተኛው አውሬው ራሱ ነው፤ የሚያየውን በዓይኑ፣ የሚሰማውን በጆሮው መፈለግ አለበት። ላይኛው ክፍል ጭንቀቱንም ይለካል፤ አውሬው ከጎናችሁ ብዙ ከቆየ ወደ አየር ቱቦው እንዲመለስ ያደርገዋል፣ ትንፋሽ እንድትሰበስቡ። ከዚያ ደግሞ ይመልሰዋል። በዚህ ላይ አንዳንድ የአውሬው ጠባዮች መጀመሪያ ተቆልፈው ይቆዩና ጌሙ እየገፋ ሲሄድ ይከፈታሉ። ትናንት የሠራ ዘዴ ዛሬ አልሠራ ሲል ጌሙ ተበላሽቶ አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ቀላል ነው። አትሩጡ። ሩጫ ድምፅ ነው፣ ድምፅ ጥሪ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ የአየር ቱቦ ቀዳዳ ምራቅ ሲንጠባጠብ ካያችሁ አውሬው እዚያ አድፍጧል፤ ከሥሩ አትለፉ፣ ዞራችሁ ሂዱ። በእጅ የሚያዘው የእንቅስቃሴ መከታተያ የሚያሳየው የሚንቀሳቀስን ነገር ብቻ ስለሆነ ባዶ ስክሪን ማለት ባዶ ክፍል ማለት አይደለም፤ ነጥቡም አውሬው ወለሉ ላይ ይሁን ቱቦው ውስጥ አይነግራችሁም። መከታተያውን ስትመለከቱ ከኋላው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ጢጥ ጢጡንም አውሬው ቅርብ ከሆነ ይሰማዋል፤ አየት አድርጋችሁ መልሱት። ሎከር ውስጥ ስትደበቁ ፊቱን ወደ በሩ ካስጠጋ ወደ ኋላ ተጠጉና ትንፋሽ ያዙ፤ ብዙ ከያዛችሁ ግን ጤናችሁ ይቀንሳል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መንገድ ከዘጉ ጥይት አታባክኑ፤ ድምፅ የሚያሰማውን መሣሪያ መሃላቸው ወርውሩና ራቁ፣ ሥራውን አውሬው ይጨርሰዋል። ሰው መሰሎቹ ማሽኖች ላይ ሽጉጥ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ ፈንጂው ይሠራል፣ ኋላ ላይ መከላከያ ልብስ የለበሱት ግን እሱንም ይችሉታል።

አሁን ወደ ሴቩ እንምጣ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ የሕዝብ ስልክ የሚመስል ሳጥን አለ። ካርዳችሁን ታስገባላችሁ፤ ሦስት መብራት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይበራል፤ ከዚያ ነው ሴቭ የሚሆነው። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ጌሙ አይቆምም። አውሬው ከኋላ መጥቶ ጭራውን በደረታችሁ ሊያወጣው ይችላል። አጠገባችሁ ጠላት ካለ ሳጥኑ ያስጠነቅቃል፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ከ1999ኙ ጌም ስህተት የተማሩ ይመስላል፤ ሴቭ ከባድ ነው፣ ግን አለ፤ ደግሞ ሴቭ ማድረጉ ራሱ የሚያስፈራ ድርጊት ሆኗል። እንደ ንድፍ እጅግ አድርገን እንወደዋለን።

ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ ግን ሌላ ስሌት አለ። ሌላ ጌም ላይ መብራት ሲጠፋ የምታጡት አምስት ደቂቃ ነው፤ እዚህ ግን እስከ መጨረሻው ሳጥን ያለውን ሁሉ ነው። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መሣሪያ፣ መግዛት ያለባችሁ ለዚህ ነው። ፒኤስ 4ና ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን አንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዋት ብዙም አይርቁም፤ ባትሪው ያላረጀ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የተወሰኑ ደቂቃዎች ይሰጣችኋል። ልብ በሉ፤ የሚሰጣችሁ ቁልፍ የመጫኛ ጊዜ ሳይሆን ወደ ቅርቡ ሳጥን የመሄጃ ጊዜ ነው። ስለዚህ አዲስ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሳጥኑን ይሁን፤ ያለፋችሁት ካለም መንገዱን አስታውሱ። ቴሌቪዥኑንም ከዩፒኤሱ ላይ ሰኩት፤ ፒኤስ 4ን ብቻ የሚሰኩ አሉ፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ አውሬ እየሰሙ ይቀመጣሉ።

ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ፣ ሲረጋ ሰኩ። ማሽኑ ሲነሳ በትክክል እንዳልጠፋ ይነግራችሁና ሃርድ ዲስኩን ይመረምራል፤ እስኪጨርስ አትንኩት። መብራቱ የጠፋው ሴቭ እየተጻፈ ከነበረ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ፍላሽ ነው። ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ሆኖ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ሰኩ፣ ሴቲንግስ ውስጥ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቱ፣ ሴቭድ ዳታ ኢን ሲስተም ስቶሬጅ፣ ቀጥሎ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ፣ ጌሙን ምረጡ፣ ኮፒ። በየሁለት ምዕራፉ አንዴ ይበቃል። ሴቩን ወደ ሌላ ሰው ማሽን ለመውሰድ ግን ሁለቱም ላይ ያው የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት) አካውንት መኖር አለበት።

ጌም ቤት ለመጫወት ይህ ሲዲ አይመከርም። የምትከፍሉት በሰዓት ነው፣ ጌሙ ደግሞ ሎከር ውስጥ ቆሞ መጠበቅን ይጠይቃል። የግድ ከሆነ የራሳችሁን ዩዘር አስከፍቱ፤ ዩዘሩ ከተሰረዘ ሴቩም አብሮ ይሰረዛል። ፕሌይስቴሽን ካሜራ የተሰካበት ማሽን ከሆነ ደግሞ የድምፅ መለያውን ከሴቲንግ አጥፉት፤ ይህ አማራጭ ሲበራ አውሬው እናንተ ያላችሁበትን ክፍል ጫጫታ ይሰማል፣ ጎን ያለው ልጅ ጎል አግብቶ ሲጮህ የምትሞቱት እናንተ ናችሁ።

ሲዲውን ስትገዙ ጀርባውን ወደ ብርሃን ያዙት። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙም አይጎዳም፤ ክቡን ተከትሎ የዞረ ጭረት ግን አደገኛ ነው። የፒኤስ 4 ሲዲ ብሉሬይ ነው፤ ዳታው ያለው ከላዩ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። በድሮ ሲዲ የለመድነው የጥርስ ሳሙና ፍተጋ እዚህ ይገድለዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ውጭ፣ በቃ። ከተቻለ ሻጩ ማሽን ላይ አስገብታችሁ ኢንስቶሉ እስከ መጨረሻው ሲደርስ እዩት፤ መሃል ላይ ከቆመ መልሱለት። የየትኛውም አገር የፒኤስ 4 ሲዲ በየትኛውም ማሽን ይሠራል፤ ተጨማሪ ምዕራፍ ከኢንተርኔት መግዛት ካሰባችሁ ግን የአካውንቱና የሲዲው ክልል አንድ መሆን አለበት። ጌሙ ለመጫወት ኢንተርኔት አይፈልግም። ማሻሻያውን ካላወረዳችሁ የሚታዩት ሦስት የክብደት ደረጃዎች ብቻ ናቸው፤ በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ በ2015 መጀመሪያ በማሻሻያ የተጨመሩ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት መካከለኛው ይሻላል።

ድክመቱን ሳንናገር ማለፍ አይገባም። 18 ምዕራፍ ይበዛል። ከመሃል በኋላ አውሬው ገሸሽ ይልና ማሽኖቹ ቦታውን ይይዛሉ፤ እዚያ ላይ ፍርሃቱ ወደ ድካም ይለወጣል። ጄኔሬተር አስነሺ፣ ማንሻ ሳቢ፣ ተመለሺ የሚለው ሥራም ይደጋገማል። ሦስት አራት ሰዓት ቢቆረጥለት ፍጹም ይሆን ነበር። የበር ኮዶችና ፍንጮች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገኙ ሰብታይትሉን አብሩ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር። ደረጃው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ሕፃን ባለበት ሳሎን አይከፈትም።

ፒኤስ 3 ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ጌም ያገኛል፣ ምስሉ ግን ደብዘዝ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ራም፣ 1 ጊጋ ያለው የግራፊክስ ካርድና 35 ጊጋ ባዶ ቦታ ስለሆነ ያገለገለ ዴስክቶፕም ይችለዋል። በ2021 ለስልክ የወጣው ቅጂ ተጨማሪ ምዕራፎቹን ሁሉ ይዟል፤ ለመግዛት ግን ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ሠሪዎቹ በ2024 ተከታይ እየሠሩ መሆኑን አስታውቀዋል።

የመጨረሻው የሙቀት ጉዳይ ነው። ፒኤስ 4 እንዲሠራ የተፈቀደው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ነው፤ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ይህን ያልፋል። ማሽኑን ቡፌ ውስጥ አትክተቱት፣ ዳንቴል አታልብሱት፣ ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ የአየር መውጫውን አቧራ በየወሩ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን መጮህ ከጀመረ አቁሙ። ጆይስቲኩ ላይ ኢርፎን ሰክታችሁ ድምፁ በሙሉ ወደ ኢርፎን እንዲሄድ ከሴቲንግ አስተካክሉ፤ አውሬው በየት በኩል እንዳለ የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ነፋሻው ሲጀምር፣ መጋረጃ ሳያስፈልግ ስክሪኑም ጥቁር ይሆናል። ሐረር ያላችሁ በከፍታው ምክንያት ከሰዓት በኋላም ያለ ሐሳብ መክፈት ትችላላችሁ፤ ዩፒኤሱ ግን ለእናንተም አይቀርም።